ማታ ከጂም መልስ ምን ይበላ? ኪሎ ለሚቀንስ ሰው የምርጫ መመሪያ

ከጂም የምወጣው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ታክሲ ተሰልፌ፣ ሰፈር ደርሼ፣ ገላዬን ታጥቤ አረፍ ስል 3 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ቤተሰቡ በልቶ ጨርሷል። የእኔ ድርሻ በሰሃን ተከድኖ ይጠብቀኛል፤ አንድ ሙሉ እንጀራ ከነወጡ። የምተኛው 5 ሰዓት ላይ ነው። እንግዲህ ስታስቸግረኝ የኖረችው በመሀል ያለችው ያቺ አንድ ሰዓት ተኩል ናት።

ኪሎ መቀነስ የጀመርኩ ሰሞን ምርጫዬ ቀላል ነበር፤ አለመብላት። ጂም ውስጥ «ከ12 ሰዓት በኋላ የገባ ምግብ ሁሉ ቦርጭ ይሆናል» የሚሉ ነበሩ፤ አመንኳቸው። እናቴ ግን አላመነችም። «ጦምህን ልታድር ነው?» ትለኛለች። በእኛ አገር ጦም አዳሪ የሚባለው ያጣ የነጣ ደሃ ነው። ልጇ ደመወዝ እያለው፣ ምግቡ ተከድኖ እያለ፣ ጭራሽ ለጂም ከፍሎ ጦሙን ሲያድር እንዴት ይዋጥላት? ሦስት ሳምንት ተሟገትን። በመጨረሻ ያሸነፈችኝ እሷ ሳትሆን ሆዴ ነው። አንድ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ነቅቼ ወጥ ቤት ገባሁ፤ መብራት እንኳ ሳላበራ የቀዘቀዘ ፍርፍር ከድስቱ በእጄ እየዛቅኩ በላሁ። የሦስት ሰው ቁርስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ መንገድ ሞክሬአለሁ፤ አንዳንዱን ለሳምንት፣ አንዳንዱን ለወራት። እዚህ የማወዳድረው እነሱን ነው። ከወዲሁ አንድ ነገር ልበል፤ የማታው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ማታ አይደለም። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። እመለስበታለሁ።

ሰዓቱ ነው የሚያወፍረው?

እ.ኤ.አ. በ2022 «ሴል ሜታቦሊዝም» በተባለው የምርምር መጽሔት ላይ ለዚህ ጥያቄ የሚጠቅሙ ሁለት ጥናቶች ወጥተዋል። አንዱ የተሠራው ቦስተን በሚገኘው ብሪገም ኤንድ ዊመንስ ሆስፒታል ነው። 16 ወፈር ያሉ ሰዎች አንድ ዓይነት ምግብ በአንድ ዓይነት መጠን ተሰጣቸው። ልዩነቱ ሰዓቱ ብቻ ነበር፤ አንዴ ቀደም ብለው፣ ሌላ ጊዜ 4 ሰዓት ያህል አዘግይተው በሉ። ሲያዘገዩ ረሃባቸው ጨመረ። ለአንጎል የጥጋብን ወሬ የሚያደርሰው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ቀነሰ። በቀን የሚያቃጥሉት ካሎሪም በ60 ገደማ ወረደ።

ሁለተኛው የስኮትላንዱ የአበርዲን ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። 30 ሰዎች አራት ሳምንት ከባዱን ምግብ ጠዋት፣ ሌላ አራት ሳምንት ደግሞ ማታ በሉ። የቀኑ ካሎሪ እኩል ነው። በሁለቱም ከ3 ኪሎ በላይ ቀነሱ፤ በኪሎ በኩል ልዩነት አልታየም። ጠዋት ከበድ አድርገው ሲበሉ ግን ረሃቡ ቀለል አላቸው።

እኔ ሁለቱን አንድ ላይ ሳያቸው የሚገባኝ እንዲህ ነው። 60 ካሎሪ የግማሽ ሙዝ ያህል ናት፤ ለእሷ ተብሎ ጦም አይታደርም። የዘገየ እራት የሚጎዳው በረሃብ በኩል ነው። ቀኑን ሙሉ ሲርበው የዋለ ሰው ማታ ሰሃን ሲቀርብለት አይመጥንም። ያቺ የ12 ሰዓት ሕግ አንዳንዱን ሰው የምታከሳውም ለዚሁ ነው፤ ቴሌቪዥን ፊት የሚቆረጠመውን ታስቀርለታለች። ከሥራ 11 ሰዓት ተኩል ወጥቶ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ብረት የሚያነሳውን ሰው ግን አታውቀውም።

«ታዲያ ስፖርቱን ጠዋት አታደርገውም?» የሚሉኝ አሉ። የሚችል ያድርገው። እኔ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ታክሲ ሰልፍ ውስጥ ነኝ።

ሳይበሉ መተኛት

አንዳንድ ቀን ትክክል ነው። መክሰስ በደንብ በልታችሁ፣ ስፖርቱም የእግር ጉዞ ወይም ሰውነት ማፍታታት ብቻ ከነበረና ካልራባችሁ፣ ውሃ ጠጥቶ መተኛት ምንም አያመጣም። አንድ እራት መዝለል ጡንቻ አያቀልጥም።

ብረት ካነሳችሁና የመጨረሻው ምግባችሁ የ6 ሰዓት ተኩሉ ምሳ ከሆነ ግን ሒሳቡ ይለያል። እስከ ጠዋት 1 ሰዓት ቁርስ ድረስ 18 ሰዓት ተኩል ባዶ ሆድ ነው። ኪሎ ሲቀንስ የሚሄደው ስብ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። ጡንቻውን የሚያስቀሩት ክብደት ማንሳትና በቂ ፕሮቲን ናቸው። ያን ሁሉ ላብ አፍስሶ ፕሮቲኑን መንፈግ፣ ቤት ሠርቶ ጣራ እንደ መርሳት ነው።

ከዚህ የባሰው እንቅልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 10 ሰዎችን ለ14 ቀን በአንድ ዓይነት ዳይት ላይ አድርገው፣ አንድ ጊዜ 8 ሰዓት ተኩል፣ ሌላ ጊዜ 5 ሰዓት ተኩል አልጋ ላይ እንዲያሳልፉ አደረጉ። ሚዛኑ ላይ የታየው ኪሎ ተቀራራቢ ነበር። ትንሽ ሲተኙ ግን ከቀነሱት ውስጥ የስቡ ድርሻ በ55 በመቶ አነሰ፤ የቀረው ከጡንቻና ከመሳሰለው ሄደ። ስለዚህ ረሃብ ሌሊት የሚያነቃችሁ ከሆነ፣ ያልበላችሁት እራት አተረፈላችሁ ማለት አይቻልም። የእኔን ፍርፍር ሳንቆጥር።

የተከደነው እራት

አንድ ቀን ተገርሜ እንጀራችንን በወጥ ቤት ሚዛን መዘንኩት። 340 ግራም መጣ። 100 ግራም እንጀራ 150 ካሎሪ ገደማ ነው ብንል፣ አንዱ እንጀራ ብቻ 500 ይደርሳል። ወጡ ይቀጥላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ አለው፤ የእኛ ቤት ቁሌት ደግሞ በማንኪያ ተለክቶ አያውቅም። ሥጋው፣ ጭማሪው ሲደመር ሰሃኑ 900 ወይም 1000 ቢደርስ አይገርምም። አንድ ሰዓት ብረት ማንሳት 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው የሚያስወጣው በግምት ከ300 እስከ 450 ካሎሪ ነው። «ሠርቼ መጥቻለሁ፣ ይገባኛል» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ነው የሚከስረው። የመሮጫ ማሽኑ ስክሪን ላይ የሚታየውን ቁጥርም ብዙ አትመኑት፤ አብዛኛውን ጊዜ ያጋንናል።

ይህ ማለት ግን እንጀራ ጠላት ነው ማለት አይደለም። የቀኑ ድምር ከያዘው ሙሉ እራት መብላት ይቻላል። ከባድ ስፖርት በሠራሁ ቀን፣ በተለይ እግር በሠራሁበት፣ እኔም እንጀራ እበላለሁ። የማደርገው ቀላል ነው። እንጀራው ግማሽ ይሆናል። ከወጡ ላይ ዘይቱን ትቼ ሥጋውን ወይም ክኩን አወጣለሁ። ጎኑ ላይ ጎመን ወይም ሰላጣ ይሞላል። ከሁሉም በላይ ከራሴ ሰሃን እበላለሁ። ከትሪ ላይ ማንም መጥኖ በልቶ አያውቅም፤ ጉርሻ ደግሞ ካሎሪዋ አይቆጠርም ተብሎ የተማማልን ይመስላል።

የዚህ ምርጫ ሁለተኛው ችግር ጨጓራ ነው። በበርበሬና በዘይት የተቁላላ ወጥ በልቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መተኛት ቃር ይጠራል። በእራትና በእንቅልፍ መሀል 2 ወይም 3 ሰዓት ቢኖር ይመረጣል፤ ከጂም መልስ ግን ይህ አይገኝም። ቃር የሚያስቸግረው ሰው ማታ ማታ አልጫ ወይም ቅቅል ይምረጥ። ከራስጌው ከፍ ብሎ በግራ ጎን መተኛትም ይረዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ማታ ከበድ ያለና ጨው ያለበት እራት የበላ ሰው ጠዋት ሚዛን ላይ ቢወጣ አንድ ኪሎ ጨምሮ ሊያገኘው ይችላል። አትደንግጡ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ነው፤ በአንድ እራት ያን ያህል የሚበላ ሰው የለም። ያያችሁት ውሃና ገና ያልወጣ ምግብ ነው። የሳምንቱን አማካይ እንጂ የአንድ ጠዋትን ቁጥር አትመኑ። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንት ማክሰኞ ጠዋት ተበሳጭቻለሁ።

ቀለል ያለ ፕሮቲን

ከጂም መልስ ከ3 ሰዓት በኋላ ቤት ለሚገባ ሰው፣ የእኔ ምክር ወደዚህ ያዘነብላል። ከ150 እስከ 300 ካሎሪ፣ ከ20 እስከ 30 ግራም ፕሮቲን፣ ትንሽ ዘይት። ሆድ አይከብድም፤ ረሃቡንም ያስታግሳል። ከፕሮቲን፣ ከስብና ከዳቦ ነገር ውስጥ ለካሎሪው በተሻለ የሚያጠግበው ፕሮቲን ነው።

ማታ የበሉት ፕሮቲን ጥቅም ላይ አይውልም የሚለውም ትክክል አይደለም። በኔዘርላንድስ የማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ጥናት ልክ የእኛን ፕሮግራም የሚመስል ነው። 16 ወጣት ወንዶች ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ክብደት አነሱ። ከዚያ ሊተኙ ግማሽ ሰዓት ሲቀራቸው ግማሾቹ 40 ግራም ካዜይን የተባለ የወተት ፕሮቲን ጠጡ። ሰውነታቸው ሌሊቱን ሙሉ ፕሮቲኑን ፈጭቶ ተጠቀመበት፤ ጡንቻ የመገንባቱም ሥራ ካልጠጡት በ22 በመቶ ያህል በለጠ።

ካዜይን ሲባል ሩቅ አገር አትሂዱ። የላም ወተት ፕሮቲን 80 በመቶው እሱ ነው። ከወተት ፕሮቲኑን ለይቶ፣ ቅቤውን አስቀርቶ የሚሠራ ምግብ ደግሞ በየቤታችን አለ፤ አይብ። የእኛ አይብ ቅቤው ከተናጠ በኋላ ከቀረው አሬራ ስለሚሠራ ስቡ በጣም ትንሽ ነው። 100 ግራሙ ወደ 15 ግራም ፕሮቲን ሲኖረው ስቡ 2 ግራም ገደማ ነው። 150 ግራም አይብ በጎመን ማለት ከ20 ግራም በላይ ፕሮቲን ነው፤ አይቡ ብቻውን ካሎሪው ከ150 አይዘልም። ይህን ሳውቅ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ተናድጃለሁ። ከውጭ የሚመጣ ዱቄት ስፈልግ አይቡ ጓዳችን ተቀምጧል! ሁለት ነገር ብቻ ጠብቁ። ትኩስ ይሁን፤ ከገበያ ሲገዛ የቆየ እንዳይሆን። በቅቤ የተለወሰውን ደግሞ ለበዓል ተዉት።

እንቁላል ሁለተኛ ነው። አንዱ 70 ካሎሪና 6 ግራም ፕሮቲን አለው። ሦስት ቅቅል 210 ካሎሪ ነው። ያው ሦስቱ በዘይት ሲጠበሱ 330 ሊገቡ ይችላሉ። ማታ ደክሞኝ መጥቼ የምጠብስበት አቅም ስለማይኖረኝ እሁድ ማታ ስድስት ቀቅዬ ፍሪጅ አስገባለሁ።

ወተትና እርጎ ጥሩ ናቸው፤ ግን ልኩን እወቁ። አንድ ብርጭቆ ሙሉ ወተት 150 ካሎሪና 8 ግራም ፕሮቲን ብቻ ነው። እርጎም ያው ነው። ብቻቸውን እራት አይሆኑም፤ ከሁለት እንቁላል ጋር ግን ይሆናሉ። ጥሬ ወተት የምትገዙ ከሆነ አፍሉት። ቱና ለሚወድ አንድ ጣሳ ዘይቱ ተንጠፍጥፎ ከ20 ግራም በላይ ፕሮቲን ይሰጣል። የተረፈ ዶሮ ካለ ደግሞ 100 ግራም የደረት ሥጋ 165 ካሎሪና 31 ግራም ፕሮቲን ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ የለም።

መክሰስ፣ የተረሳው መፍትሔ

አሁን ወደ 10 ሰዓቱ ልመለስ።

አያቶቻችን መክሰስ የሚባል ሰዓት ነበራቸው። ከምሳ በኋላ፣ ከእራት በፊት፣ ቡናው ሲፈላ ቆሎ ወይም ቂጣ ነገር ይቀርባል። ቢሮ የዋለው ትውልድ ይህን ሰዓት ወይ ጥሎታል፣ ወይ በሻይና በቦንቦሊኖ ለውጦታል። ውጤቱን ጂም ውስጥ ታዩታላችሁ። 1 ሰዓት ላይ የሚያዞረው ሰው፣ 2 ሰዓት ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋድሞ ጣራ የሚያይ ሰው፣ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ሰሃን የሚጠርግ ሰው። ሦስቱም እኔ ነበርኩ።

መንገዱ እንዲህ ነው። እራታችሁን ለሁለት ክፈሉት። ትልቁን ግማሽ ከጂም በፊት 10 ሰዓት ተኩል ወይም 11 ሰዓት ላይ ብሉ፤ ትንሹን ከጂም መልስ። በፊት የሚበላው ከ300 እስከ 400 ካሎሪ ይሁን። እህልም ፕሮቲንም ይኑረው፤ ቅባቱ ይነስ፤ ቅባት የበዛበት ሆድ ስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጢጥ ማለት) ሲወርዱ ይመሰክራል። መልስ ላይ ከላይ ካየነው ቀላል ፕሮቲን ከ150 እስከ 250 ካሎሪ ይበቃል። ድምሩ 600 አካባቢ ነው። ከተከደነው እራት ሲተያይ በቀን 300 ወይም 400 ካሎሪ ያተርፋል፤ ማንም ጦሙን ሳያድር።

ቢሮ ላይ ምን ይበላል? እኔ የለመድኩት ምሳ ዕቃዬን ከፍ አድርጌ ማስቋጠር ነው። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ሦስተኛውን እበላለሁ፤ የቀረውን 10 ሰዓት ተኩል ላይ። ባልደረቦቼ መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር፤ አሁን ሁለቱ ያስቋጥራሉ። ይህ ካልተመቸ ሁለት ቅቅል እንቁላል ከአንድ ዳቦ ጋር ይሆናል። ሙዝና እርጎም ይሆናል።

በሶን ግን ለብቻው ላንሳው። የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፤ ድሮ የመንገደኛና የዘማች ስንቅ የነበረው በከንቱ አይደለም። አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም፣ ለረጅም ሰዓት ይይዛል። ሦስት አራት ማንኪያ፣ 50 ግራም ያህል፣ በውሃ በጥብጦ ትንሽ ማር ጠብ አድርጎ መጠጣት 200 ካሎሪ ገደማ ነው። ፕሮቲኑ ትንሽ ነው፤ ጉልበቱ ግን ይቆያል። መሳቢያዬ ውስጥ አንድ ብልቃጥ በሶ አለኝ፤ ስብሰባ ሲረዝም እሱ ነው የሚያድነኝ። ሳምቡሳውን ተዉት። በዘይት ተጠብሷል፤ ሆድም አይሞላም።

ይህ ምርጫ ድካሙ አንድ ነው፤ አስቀድሞ ማሰብ ይፈልጋል። ጠዋት ካልቋጠራችሁ 10 ሰዓት ላይ አይገኝም። የሁለት ሳምንት ጉዳይ ነው፤ ከዚያ ይለመዳል። ደግሞም ጥቅሙ ኪሎው ብቻ አይደለም፤ በመክሰስ የሄድኩ ቀን የማነሳው ክብደት ይለያል።

የፕሮቲን ዱቄት

ዌይ የተባለው የወተት ፕሮቲን ዱቄት በራሱ መስፈሪያ አንድ ጊዜ ሲለካ 120 ካሎሪና 24 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ፈጣን ነው፤ ልክ ታክሲ ውስጥ መጠጣት ይቻላል። ነገር ግን ውድ ነው፤ አይጠግቡበትም። ማኘክ የሌለበት እራት ለእኔ እራት አይደለም። ከአይብና ከእንቁላል የሚበልጥበት ተአምርም የለውም። አቅም ላለውና ጊዜ ለሌለው ሰው ነው።

ስትገዙ ግን ጽሑፉን አንብቡ። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ትልቅ ባልዲ «ማስ ጌነር» ነበር። ሻጩ «ምርጡ ይሄ ነው» አለኝ፤ እኔም አመስግኜ ተሸከምኩ። ማስ ጌነር ለቀጫጮች መወፈሪያ ነው፤ አንዳንዱ በአንድ ጊዜ መጠን ከ1,000 ካሎሪ በላይ አለው። ሁለት ሳምንት እየጠጣሁ «ለምን አልቀነስኩም?» ስል ነበር።

ጤናማ የሚመስሉት

ጁስ ቤት ጂሞች አጠገብ የሚከፈተው በአጋጣሚ አይመስለኝም። የአቮካዶ ጁስ ብርጭቆው ሙሉ አቮካዶ፣ ስኳር፣ አንዳንዴም ወተት ይገባበታል፤ 400 ካሎሪ ቢሆን አይደንቅም፤ ፕሮቲኑ ግን ኢምንት ነው። ፍሬውን ራሱን ብሉ።

ቆሎና ለውዝ መልካም ምግብ ናቸው። ችግሩ እጅ አይቆምም። 30 ግራም ለውዝ፣ አንድ እፍኝ ማለት ነው፣ 170 ካሎሪ አለው። ስልክ እያዩ ሦስት እፍኝ ሲሄድ አይታወቅም። በትንሽ ሲኒ ለክታችሁ ከረጢቱን መልሱት።

ቢራ? ከጂም መልስ ከጓደኛ ጋር «አንድ ብቻ» የሚባለው 330 ሚሊ ሊትሩ 150 ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ ብቻ ሆኖ ካበቃ። አምቦ ውሃ ካሎሪ የለውም፤ አረፋውም አለ። ቡናን በተመለከተ፣ የጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከ5 ሰዓት ያህል በኋላም ሰውነት ውስጥ አለ። ከጂም በፊት የሚጠጡት የማነቃቂያ ዱቄቶችም በካፌይን የተሞሉ ናቸው። 12 ሰዓት ላይ ጠጥቶ 5 ሰዓት ላይ እንቅልፍ መጠበቅ የዋህነት ነው።

የጾም ቀን

በጾም ወራት አይብና እንቁላሉ ከመንገድ ይወጣሉ። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት ሲደመሩ የዓመቱ ትልቅ ክፍል ነው፤ ስለዚህ ይህን ሳያስቡ ማታ የሚበላውን ማቀድ አይቻልም። የእኔ የጾም እራት አዚፋ ነው። የተቀቀለ ምስር፣ ሰናፍጭ፣ ሎሚ፣ ቃሪያ። ቀዝቅዞ ስለሚበላ ማሞቅ የለም፤ ዘይቱም በእጃችሁ ነው። አንድ ትልቅ ኩባያ (200 ግራም ያህል) የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ፕሮቲንና 230 ካሎሪ አለው። ሽሮም ይሆናል፤ 50 ግራም የሽሮ ዱቄት ወደ 10 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ተጋቢኖው ዘይቱ ላይ ሲንሳፈፍ ግን ሌላ ምግብ ሆኗል። ጥራጥሬ ማታ ሆዱን የሚነፋው ሰው መጠኑን ያሳንስ። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ ልተወው።

እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው በአንድ በኩል ዕድለኛ ነው። የ9 ሰዓቱ ምግብ ራሱ መክሰስ ሆኖ ያገለግለዋል፤ ጂሙን 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሠርቶ ማታ በአዚፋ ይጨርሳል። በረመዳን ደግሞ ብዙ ጓደኞቼ በቴምርና በሾርባ አፍጥረው፣ ተራዊሕ ሰግደው፣ ጂም ገብተው፣ ዋናውን ምግብ ከዚያ በኋላ ይበላሉ። ሱሑር ስላለ ማታውን መጫን አያስፈልግም። ያው እራትን ለሁለት መክፈል ነው፤ ሰዓቱ ብቻ ዞረ።

ለእናንተ የትኛው?

3 ሰዓት ላይ ቤት የሚገባና 6 ሰዓት የሚተኛ ሰው ሙሉ እራቱን በልክ ቢበላ ምንም አይደለም። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የሚተኛ ቀላል ፕሮቲኑን ይያዝ። ማታ ማታ ራሱን መግታት ያቃተው፣ እንደ እኔ ያለው፣ ማታውን ሳይሆን መክሰሱን ያስተካክል። ምሳም መክሰስም ዘልሎ ጂም የሚገባ ሰው ግን የትኛውም እራት አያድነውም።

የስኳር ሕመምተኛ ሆናችሁ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የምትወስዱ ከሆነ ይህን ምርጫ ብቻችሁን አታድርጉ። የማታ ስፖርት ሌሊት ላይ ስኳርን ሊያወርድ ይችላል፤ ሳይበሉ መተኛት ለእናንተ አደጋ ነው። ሐኪማችሁን ጠይቁ። እርጉዝና የምታጠባ እናትም እንዲሁ።

እኛ ቤት ነገሩ በእርቅ አልቋል። እናቴ አሁንም ሰሃን ትከድናለች። ውስጡ ጎመን በአይብ ነው፤ ጥጉ ላይ ደግሞ ተጠቅልላ የተቀመጠች ግማሽ እንጀራ አለች፤ «ምናልባት ከራበህ» ብላ። አንዳንድ ቀን እበላታለሁ።